የዛገ አሮጌ የእንጨት ሥራ ኮምባይን ማሽን እንዴት ይታደሳል? ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጀመሪያው ጣውላ

ስልኬ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ፎቶ አለ። መሬት ላይ የተበተነ ብሎን፣ ግማሹ በግራይንደር የተፋቀ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተጋደመ ሞተር። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ፈታሁት፣ አሁን እንዴት ልመልሰው?»

የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው። የማወራው ስለ አሮጌው ባለ አምስት ሥራ ኮምባይን ነው፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ውፍረት ማውጫ፣ ቅርጽ ማውጫና መብሻ በአንድ ሰውነት ላይ። የእኔው ጣሊያን ሠራሽ ነው። የእናንተ ሌላ ቢሆንም አሠራሩ ብዙ አይለይም።

ሰው የሚሸነፈው በዝገቱ አይደለም። አምስቱንም ሥራ በአንድ ቅዳሜ ፈቶ ስለሚበትን ነው። ስለዚህ አንዱን ሥራ ፍቱ፣ አጽዱ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

1. ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት

«ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብላችሁ አታስነሱት። ለዓመታት የቆመ ማሽን ውስጥ አይጥ ሽቦ በልታ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ተጣብቆ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። የላላ ቢላዋ ካለ ደግሞ ተወርውሮ ይወጣል።

በመጀመሪያ በእጅ ፈትሹ።

- ቺንጋውን አውልቁና እያንዳንዱን ዘንግ በእጃችሁ አዙሩ። ጨርሶ እምቢ ካለ ተጣብቋል። እየተንገራገጨ ከዞረ ኩሽኔታው አልቋል። ሁለቱም ይጠገናል።
- የመላጊያውን ጥቅል (ቢላዋዎቹ የታሰሩበትን ዘንግ) ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም የኩሽኔታው መቀመጫ ተበልቷል። ኩሽኔታ ይገዛል። የተበላ መቀመጫ ግን ቶርኖ ቤት ያስኬዳል፤ ወጪው እዚህ ጋ ነው።
- ጠረጴዛዎቹንና ሰውነቱን በናፍታ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከደረቀ በኋላ ጠመኔ ቀቡበት። ስንጥቅ ካለ ናፍታው ከውስጥ እየወጣ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል።

ያልገዛችሁት ከሆነና የመላጊያው ጠረጴዛ ወይም ሰውነቱ ከተሰነጠቀ ተዉት። የካስት አይረን (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት) ብየዳ ለሁሉም ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ከተበየደ በኋላም ጠረጴዛው ሊጣመም ይችላል። የላይኛው ገጽ ጠቃጠቆ ግን አያስፈራችሁ። እንጨት ጉድጓድ አይቆጥርም፤ ቀጥ ያለ ገጽ ብቻ ነው የሚፈልገው።

2. ዕቃችሁን አሟሉ

መሃል ላይ ወጥቶ ዕቃ መግዛት ሥራውን ለሁለት ሳምንት ያስቆመዋል። እነዚህን አስቀድማችሁ አቅርቡ፦ የቁልፍ ስብስብ፣ የውስጥ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ የእንጨት መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የቀለም መፋቂያ ስለት፣ ባለ 120፣ 220 እና 320 የብርጭቆ ወረቀት፣ አምስት ሊትር ናፍታ ወይም ላምባ፣ ሁለት ሊትር አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ብዙ ጨርቅ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነ የማይጣመም የብረት ማስመሪያና ስኳድራም ያስፈልጋል።

የዐይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። የአሮጌ ማሽን ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ፋቁ፤ ልጆችንም አርቁ። ናፍታ ባለበት ሲጋራም ብየዳም የለም።

3. ፎቶ፣ ምልክት፣ ቆርቆሮ

ከመንካታችሁ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። ከዚያ አንድ ዕቃ በፈታችሁ ቁጥር ሁለት ፎቶ፤ አንድ ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ከወጣ በኋላ። ሞኝነት ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ይህች ሮንዴላ የት ነበረች?» ስትሉ ትመሰግኑኛላችሁ።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ የቲማቲም ቆርቆሮ መድቡ። በፕላስተር «መጋዝ»፣ «መላጊያ» እያላችሁ ጻፉበት። ብሎኑን፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን ሳትለያዩ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ቆርቆሮው ውስጥ ክተቱ። ከጠረጴዛ ሥር ቀጫጭን የቆርቆሮ ቁራጭ ካገኛችሁ አትጣሉ። ቆሻሻ አይደለም፤ ፋብሪካው ወይም የቀድሞው ባለሙያ ከፍታ ያስተካከለበት ነው። የት እንደነበረ ጻፉ።

4. አፈታት

ከመጋዙ ጀምሩ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ዲስኩን የያዘው ዳዶ በብዙ ማሽኖች ላይ ግራ ጥርስ ነው። ሰው በጉልበት ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ሲያጠብቀው ዘንጉን ያበላሻል። ዘዴው ይኸውላችሁ፦ ዲስኩ ሲቆርጥ ወደሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት፤ ይላላል።

የመላጊያ ጠረጴዛ ብቻውን ለአንድ ሰው ይከብዳል። ሁለት ሆናችሁ አንሡ። ከሥሩ ጣት አታስገቡ።

ቢላዋዎቹን አስቀድማችሁ አውጡ። የዛገ ቢላዋም ሥጋ ይቆርጣል፤ በወፍራም ጨርቅ ያዙት። ከየትኛው ጎድጓዳ እንደወጣ፣ የያዘውን ብረትና ብሎን ጭምር በቁጥር ምልክት አድርጉ፤ 1፣ 2፣ 3። ጥቅሉ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ስለሚዞር ክብደቱ እንደነበረ መመለስ አለበት።

ብሎኑ እምቢ ቢል

ካስት አይረን በመዶሻ ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ጉልበት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ሀ. የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅላችሁ ጥርሱ ላይ አንጠባጥቡ። ማታ አድርጉ፤ ጠዋት ድገሙ። ሦስት ቀን ቢፈጅም ጠብቁ።

ለ. የብሎኑን ጭንቅላት በትንሽ መዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ሰውነቱን ሳይሆን ጭንቅላቱን።

ሐ. መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት፤ ከዚያ ፍቱ። ዝገቱ የሚሰበረው ወዲያና ወዲህ ሲባል ነው።

መ. አሁንም እምቢ ካለ ዘይቱን በደንብ ጠርጋችሁ በዙሪያው ያለውን ብረት አሙቁና ሞክሩ። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ጠርሙሱን ከክፍሉ አውጡ።

ሠ. ጭንቅላቱ ተቆርጦ ከቀረ አትደንግጡ። በላዩ ዳዶ አስቀምጣችሁ መሃሉን በብየዳ ሙሉት። ሙቀቱ ዝገቱን ይፈታዋል፤ ዳዶው ደግሞ ቁልፍ መያዣ ይሆናችኋል።

5. ዝገቱን ማውረድ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። አብዛኛው ማሽን የሚበላሸው በዝገት ሳይሆን በዚህ ደረጃ ነው።

በመጀመሪያው ማሽኔ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ። የመላጊያውን መግቢያ ጠረጴዛ በግራይንደር ፋቅሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ እንደ መስታወት አበራ። ደስ ብሎኝ አንድ ጋሼን ጠራኋቸው፤ ዕድሜያቸውን በማሽን ጥገና ያሳለፉ ናቸው። አላመሰገኑኝም። ማስመሪያ አስቀመጡበትና ከኋላው የስልክ መብራት አበሩ። በማስመሪያውና በጠረጴዛው መካከል ብርሃኑ ጨረቃ መስሎ ወጣ። «ልጄ፣ የጠላኸው ዝገቱን ነው ወይስ ጠረጴዛውን?» አሉኝ። ከግማሽ ሚሊ በላይ ጎድጉዶ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄ ለማስመለስ የከፈልኩት የማሽኑን ሩብ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ግራይንደር የለም። በወፍጮ ድንጋይም፣ በሽቦ ኳስም፣ «ትንሽ ብቻ» ተብሎም አይሆንም።

ለጠረጴዛዎችና ለመምሪያው (ጣውላው ጎኑን አስደግፎ ለሚሄድበት ብረት)

1. ናፍታ አፍስሱበትና አንድ ሰዓት ተዉት።
2. የመፋቂያ ስለቱን ጋደም አድርጋችሁ ግፉ። የተነሳው ዝገት እንደ ቡና አተላ ይሰበሰባል። በጨርቅ ጥረጉ፤ ናፍታ ጨምሩ፤ ድገሙ።
3. የብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልሉ። በጣታችሁ ብቻ ከፈገፈጋችሁ ጉድጓዱን ትከተላላችሁ። በ120 ጀምሩ፤ በጠረጴዛው ርዝመት ሂዱና ተመለሱ። ናፍታው አይድረቅ።
4. ወደ 220፣ ከዚያ ወደ 320 እለፉ።
5. ጣታችሁን አሳልፉበት። ለስላሳ ከሆነ አቁሙ። የቀረው ጥቁር ጥላ ዝገት አይደለም፤ ምልክቱ ነው። እሱን ለማጥፋት የሚታገል ሰው ጠረጴዛውን ይጨርሳል።

ለትናንሽ ዕቃዎች

ብሎን፣ እጀታ፣ የማርሽ ጥርስና ማያያዣ ዘይቱን በኦሞ አጥባችሁ አቼቶ ውስጥ ክተቱ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል። በየመሃሉ አውጥታችሁ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈትጉ። ሲጨርስ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡ፤ ወዲያው አድርቁ፤ ወዲያው ዘይት ቀቡ። «ነገ እቀባዋለሁ» ካላችሁ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደርሶብኛል።

አቼቶ ውስጥ የማይገቡ፦ ቢላዋዎች፣ ሞላዎች፣ ኩሽኔታ፣ አሉሚኒየም። የጠነከረ ብረት አሲድ ውስጥ ሲቆይ ተሰባሪ ይሆናል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ጭሱ እናንተንም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውንም ብረት ሁሉ ይጎዳል።

የውፍረት ማውጫውን አትርሱ

ከሥር ስለሆነ ሰው ይዘለዋል። ሮለሮቹ ላይ የተጋገረውን ሙጫ በላምባ አርሱና በብሩሽ አውጡ። ከመግቢያው ሮለር ፊት የተደረደሩትን የብረት ጣቶች ተመልከቱ። ጣውላ ወደ እናንተ ተመልሶ እንዳይወረወር የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ በጣታችሁ አንሡና ልቀቁ። እያንዳንዱ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። አንዱ እንኳ ተንጠልጥሎ ከቀረ ፈትታችሁ አጽዱ። እዚህ ግራሶ አትቀቡ፤ ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ መልሶ ያጣብቃቸዋል።

6. ኩሽኔታና ቺንጋ

ማሽኑ ተፈትቶ ሳለ ኩሽኔታውን ቀይሩ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 6205 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፤ የዘንጉ ስፋት 25 ሚሊ ነው ማለት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «2 አር ኤስ» የሚል ምልክት ያለውን ግዙ። ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተዘጋ ስለሆነ ሰጋቱራ አያስገባም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቅ ላይ አስተያዩ። ርካሹን አትምረጡ።

ዘንግ ላይ ስትገጥሙ የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ የሚነካ የቧንቧ ቁራጭ ተጠቀሙ። የውጭውን ቀለበት እየመታችሁ ካስገባችሁ ኳሶቹ መንገዳቸውን ይጎዱታል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና በመጀመሪያው ቀን መጮህ ይጀምራል።

ቺንጋው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ለውጡ። ሁለት ጎን ለጎን ካሉ ሁለቱንም፤ አዲስና አሮጌ እኩል አይጎትቱም። ሁለቱ ፑሌጃዎች (ቺንጋው የሚዞርባቸው ጎማዎች) በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ሲባጎ ወጥራችሁ እዩ። የቺንጋውን መሃል በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢጎብጥ ልኩ ነው።

7. መብራቱ

ይህን ክፍል ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ። ምን እንደምትጠይቁት ግን እወቁ።

አንደኛ፣ ሞተሩ ታርጋ ላይ ያለው ቁጥር። 220/380 የሚል ሞተር በእኛ 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ በስታር ይታሰራል። 380/660 የሚለው በዴልታ። ይህ ከተሳሳተ ሞተሩ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ አቅም ያጣል።

ሁለተኛ፣ የሽቦውን ሽፋን በመለኪያ ይፈትሽላችሁ። መሬት ሽቦ (ኧርዝ) ከሰውነቱ ጋር በትክክል ይታሰር።

ሦስተኛ፣ ተራውን ማብሪያ አንሥታችሁ ባለ ኮንታክተር ማስነሻ አስገጥሙ፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለውን፣ ከኦቨርሎድ መከላከያው ጋር። ይህ ለእኛ አገር ቅንጦት አይደለም። መብራት ይጠፋል። ዲስኩ ላይ ጎንበስ ብላችሁ የተወተፈ ቁራጭ ስታወጡ መብራት ይመጣል። በተራ ማብሪያ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። በኮንታክተር ግን አረንጓዴውን እስክትጫኑ ይጠብቃል።

8. ማስተካከል

ሶኬቱን ንቀሉ። መንቀል ብቻ ሳይሆን የሶኬቱን ጫፍ በዐይናችሁ የምታዩት ቦታ አስቀምጡ።

መላጊያው። የማስመሪያውን አንድ ጫፍ መውጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን መግቢያው ላይ አድርጉና ሁለቱን እኩል ከፍታ ላይ አምጡ። አንድ ተራ ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። ከማስመሪያው ሥር አንድ ወረቀት ካለፈ ይሁን፤ ሦስት ካለፈ ጠረጴዛው አዘቅዝቋል። ማስተካከያ ብሎን ካለው በእሱ፣ ከሌለው ከማሰሪያው ሥር ከለስላሳ ቆርቆሮ በተቆረጠ ስስ ቁራጭ አንሡት።

ቢላዋዎቹ። አስላችሁ በየቁጥራቸው መልሱ። ብሎኖቹን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ቀጥ ያለ የእንጨት ዱላ መውጫው ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ጫፉን ከጥቅሉ በላይ አሳልፉ። ከጠረጴዛው ከንፈር ትይዩ ዱላው ላይ በእርሳስ መስመር አድርጉ። ጥቅሉን በሚቆርጥበት አቅጣጫ በእጅ አንድ ዙር አዙሩ። ቢላዋው ዱላውን 3 ሚሊ ያህል ጎትቶ ከተወው ትክክል ነው። ምንም ካልነካው ዝቅ ብሏል፤ ብዙ ከጎተተው ከፍ ብሏል። በቢላዋው ግራ፣ መሃልና ቀኝ ድገሙ። ሁሉም ቢላዋ እኩል እስኪጎትት አትቁሙ። እኔን አሁንም አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ሲያልቅ ሁሉንም ብሎን አጥብቁ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምራችሁ በድጋሚ አጥብቁ።

መጋዙ። አንድ የዲስክ ጥርስ በጠመኔ ቀለም ቀቡ። ከጠረጴዛው ጎድጓዳ መስመር እስከዚያ ጥርስ ለኩ። ዲስኩን አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱና በድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ከበለጠ የሚያስተካክሉትን ብሎኖች አላልታችሁ አቅኑ። መምሪያው ከዲስኩ ጀርባ በኩል ፈጽሞ መጥበብ የለበትም። ከጠበበ ጣውላው ይጣበቅና ወደ ሆዳችሁ ይተኮሳል።

ከዲስኩ ኋላ የምትቆመው ላሜራ በአሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍታለች። አሠሩ። ከዲስኩ ሰውነት ወፈር፣ ከሚቆርጠው መስመር ቀጠን ትበል፤ ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ትራቅ። ያለ እሷ ጣውላ በርዝመቱ አትሰንጥቁ።

9. ማስነሳት

ጓንት አውልቁ፤ የሚዞር ማሽን ጓንትን ከነእጅ ይጎትታል። መሣሪያ ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ መነሳቱን እዩ። ከዲስኩና ከጥቅሉ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ቁሙ።

አረንጓዴውን ተጫኑ፤ ሁለት ሰከንድ ቆጥራችሁ ቀዩን ተጫኑ። አቅጣጫው ትክክል ነው? ከተገለበጠ ባለሙያው ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱን ያቀያይር።

ከዚያ ያለ እንጨት አሥር ደቂቃ ይሂድ። አጥፍታችሁ፣ ሲቆምም ሶኬቱን ነቅላችሁ የኩሽኔታ ቤቶቹን ዳስሱ። ለብ ማለት ደህና ነው። እጃችሁን አሳርፋችሁ መቆየት ካቃታችሁ በጣም ጠብቋል፣ ወይም ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። የቢላዋ ብሎኖችንም እንደገና አጥብቁ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ግማሽ ሜትር ያህል ደረቅ ዝግባ ወይም ዋንዛ ውሰዱ። ባህር ዛፍ አይሁን፤ ራሱ ስለሚጣመም ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የእንጨቱ አታውቁም።

10. ይህ ቢገጥማችሁ

*ሞተሩ «እምም» ብሎ ካልተነሳ፦* ወዲያው አጥፉ። ብዙ ጊዜ አንድ ፌዝ ጠፍቷል። «ትንሽ ልጠብቀው» ያለ ሰው ጠመዝማዛውን ያቃጥለዋል።

*የጣውላው መጨረሻ ጎድጉዶ ከወጣ፦* ቢላዋው ከመውጫው ጠረጴዛ ከፍ ብሏል። ጠረጴዛውን በጥቂቱ አንሡ።

*ጣውላው የመውጫውን ከንፈር እየገጨ ከቆመ፦* ተቃራኒው ነው። ጠረጴዛው ከፍ ብሏል፤ ዝቅ አድርጉ።

*ውፍረት ማውጫው ላይ ጣውላ ቆሞ ከቀረ፦* በሌላ ጣውላ አትግፉት። አጥፉ፣ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጉ፣ አውጡ። ከዚያ ሮለሩን ከሙጫ አጽዱ፣ ጠረጴዛውንም ሻማ ቀቡ።

*ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ፦* መጀመሪያ አራቱ እግሮች መሬት መንካታቸውን እዩ። ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ካልሆነ ፑሌጃው ላልቷል፤ ወይም የቢላዋዎቹ ቁጥር ተቀያይሯል።

ዝገቱ እንዳይመለስ

ጠረጴዛዎቹን በነጭ ሻማ ፈትጉና በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፤ ጣውላም ይንሸራተታል፣ እርጥበትም አይገባም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ እንጨታችሁን ያጠቁራል። ሲሊኮን ያለበት የሚረጭ ቅባትም ይቅር፤ ጣውላው ላይ ከተረፈ ቫርኒሹ ዐይን ዐይን እየሠራ ይሸሻል። ክረምት ሲገባ በፕላስቲክ አትሸፍኑት። ሌሊት ከሥሩ ውሃ ያልበዋል። አሮጌ የአልጋ ልብስ ወይም ጋቢ ይበቃዋል፤ ሰኞ ጠዋት ስትገልጡት እንዳለ ታገኙታላችሁ።